የሚሠራ ግን የማይነበብ፦ የባዮኢንፎርማቲክስ የሥራ ፍሰቶች ዳሰሳ

በጋሞ ደጋ፣ ሞታ በተባለ ዋሻ ተቀብሮ የተገኘው ሰው የኖረው ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የደጋው ቅዝቃዜ ዲኤንኤውን ጠብቆ ስላቆየው በ2015 ጂኖሙ ተነብቦ «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ላይ ወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከአፍሪካ ምድር የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ የሰው ጂኖም ነበርና ብዙ ተወራለት። አጥኚዎቹ የሞታውን ሰው ከዛሬዎቹ አፍሪካውያን ጋር አነጻጽረው ሁለት መደምደሚያ ላይ ደረሱ። አንደኛው፣ ከምዕራብ ዩራሲያ ተመልሶ የመጣ ሕዝብ በምሥራቅ አፍሪካ ነዋሪዎች ላይ ጉልህ የዘር አሻራ ትቷል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይኸው አሻራ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ዮሩባዎችና እስከ ኮንጎ ደን ምቡቲዎች ድረስ ዘልቋል ይላል።

ሁለተኛው መደምደሚያ ብዙ አልቆየም። በሃርቫርድ የነበሩት ፖንቱስ ስኮግሉንድና ዴቪድ ራይክ ዳታውን ወስደው ሲተነትኑት ያው ውጤት አልወጣላቸውም። ነገሩ ሲጣራ ጥፋቱ የአንድ ትንሽ ስክሪፕት ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። ሳምቱልስ የተባለው ሶፍትዌር ያወጣውን ፋይል፣ ፕሊንክ የተባለው ሌላ ሶፍትዌር በሚያነበው መልክ መቀየር ነበረበት፤ ቀያሪው ስክሪፕት ግን ሳይሠራ ታልፏል። በዚህ የተነሳ የሞታው ሰው ለማነጻጸሪያ ከሚያገለግለው የማጣቀሻ ጂኖም ጋር የሚመሳሰልባቸው ቦታዎች ከዳታው ተንጠባጥበው ቀሩ፤ ሌሎች አፍሪካውያንም ከእውነታው ይልቅ ለዩራሲያ የቀረቡ መሰሉ። በ2016 ማስተካከያ ወጣ። የምሥራቅ አፍሪካው ግኝት ጸና፤ የመላው አህጉር ግን ተሰረዘ።

ሁለቱም ሶፍትዌሮች እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራባቸው ደኅና መሣሪያዎች ናቸው። የተሰበረው መገጣጠሚያቸው ነው። ይህ ዳሰሳ የሚያነሳው ጥያቄም መገጣጠሚያዎችን ይመለከታል። በደርዘን የሚቆጠሩ ሶፍትዌሮችን አያይዞ ከጥሬ ዳታ ወደ ሳይንሳዊ መደምደሚያ የሚወስደውን ሰንሰለት፣ ሌላ ሰው አንብቦ እንዲረዳውና ለራሱ ሥራ እንዲያውለው ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው? ባለፉት ሃያ ዓመታት ለዚህ ብዙ ተሠርቷል። ድካሙ በአብዛኛው የፈሰሰው ግን ማሽን ሰንሰለቱን እንዲደግመው ወደማድረግ ነው፤ ሰው እንዲረዳው የማድረጉ ሥራ ወደኋላ ቀርቷል።

ሰንሰለቱና የማይታዩት ቀለበቶች

ባለሙያዎቹ በዕለት ንግግራቸው «ፓይፕላይን» ይሉታል፤ እዚህ የሥራ ፍሰት እንበለው። የሰው ጂኖም ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል ነው። ማሽኑ ግን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ አያነበውም። እያንዳንዳቸው 150 ፊደል ገደማ የሆኑ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ቁርጥራጮችን ያወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው የኮምፒውተር ሥራ ነው። የንባቡ ጥራት እንደ ፋስትኪውሲ ባለ መሣሪያ ይታያል፤ የተበላሹ ጫፎች ይቆረጣሉ፤ ቁርጥራጮቹ እንደ ቢደብሊውኤ ባለ መሣሪያ ከማጣቀሻው ጂኖም ጋር ይገጣጠማሉ፤ ይደረደራሉ፤ የተደጋገሙት ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ጂኤቲኬን በመሰለ መሣሪያ የግለሰቡ ልዩነቶች ይለያሉ፤ ይጣራሉ፤ በመጨረሻም ትርጉማቸው ይጻፋል። በየደረጃው አሥር ሃያ ምርጫ አለ። የትኛው የማጣቀሻ ጂኖም እትም? ከስንት በታች የሆነ የጥራት ነጥብ ይጣል? ለማጣራት የትኛው ሕግ?

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚገባው በጽሑፉ «ዘዴ» ክፍል ውስጥ ስማቸው ከማይጠቀስ ቀለበቶች በኩል ነው። ኤክሴል ዋነኛው ምሳሌ ነው። «ሴፕት2» እና «ማርች1» የሚባሉ ጂኖች ነበሩ። ኤክሴል ስማቸውን ሲያይ ቀን መስሎት ወደ ሴፕቴምበር 2 እና ማርች 1 ይቀይራቸዋል። ነገሩ በ2004 በጽሑፍ ተጠቁሞ ነበር። በ2016 የታተመ ጥናት ግን የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ ጽሑፎች አንድ አምስተኛ በሚሆኑት ውስጥ ይኸው ስህተት እንዳለ አሳየ። በ2020 የሰው ጂኖችን ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ሲታክተው የጂኖቹን ስም «ሴፕቲን2» እና «ማርችኤፍ1» ብሎ ቀየረው። ሶፍትዌሩን መግራት አልሆን ሲል ስሙ ለሶፍትዌሩ ተሸነፈ ማለት ነው።

የዱክ ዩኒቨርሲቲው ጉዳይ ከዚህ የከፋ ነው። በ2006 የወጣ ጥናት የካንሰር ሕዋስን የጂን እንቅስቃሴ በማየት ለበሽተኛው የሚስማማውን የኬሞቴራፒ መድኃኒት መምረጥ ይቻላል አለ። በኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል የሚሠሩት ኪት ባገርሊና ኬቨን ኩምብስ፣ ኮዱና ሙሉ ዳታው ስላልቀረበላቸው ውጤቱን ከኋላ ወደፊት መርምረው አሠራሩን መልሰው መገንባት ነበረባቸው። ያገኙት የጂኖች ዝርዝር በአንድ ረድፍ ተንሸራቶ፣ መድኃኒቱ የሚሠራላቸውና የማይሠራላቸው ደግሞ በቦታ ተለዋውጠው ነው። ምርመራቸው በ2009 ታተመ፤ በዘዴው ላይ ተመሥርተው በሕሙማን ላይ ይካሄዱ የነበሩት ሙከራዎች በ2010 ቆሙ። በኋላ በዳታው ላይ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ማዛባት እንዳለም ተረጋገጠ። የማይነበብ የሥራ ፍሰት የዋሁን ስህተትና ማጭበርበሩን በአንድነት ይሸሽጋል።

ከስክሪፕት ወደ ሥርዓት

የመጀመሪያው ትውልድ በእጅ የተጻፈ ስክሪፕት ነበር። አንድ ተማሪ ትእዛዞቹን በፋይል ውስጥ በተርታ ይጽፋቸዋል፤ ተማሪው ሲመረቅ ፋይሉም ባለቤት አልባ ይሆናል። የተሻለ ሥርዓት የፈለጉ ወደ ሜክ ዞሩ። ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 በቤል ላብስ ለሶፍትዌር ግንባታ የሠራው መሣሪያ ነው። የትኛው ፋይል ከየትኛው እንደሚወለድ ይነግሩታል፤ እሱ የጎደለውን ብቻ ይሠራል።

ሁለተኛው ትውልድ ኮድ የማይጽፈውን ባዮሎጂስት አሰበ። በ2005 በፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንቶን ኔክሩቴንኮና ጄምስ ቴይለር ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጋላክሲ፣ ሥራው በድረ ገጽ ላይ ጠቅ በማድረግ ብቻ እንዲሠራ አደረገ። ትልቁ ውለታው እያንዳንዱን እርምጃ ከነምርጫው በራሱ መመዝገቡ ነው። ተጠቃሚው መጀመሪያ ይሞክራል፤ የሠራው ነገር ሲያምርበት መዝገቡን ወደ ሥራ ፍሰት ይለውጠዋል። በእንግሊዝ ማንቸስተር ላይ የበቀለው ታቨርና ደግሞ በየአገሩ ያሉ የኢንተርኔት አገልግሎቶችን በሥዕል ያያይዝ ነበር። ሥዕል ለዓይን ይመቻል። ይሁንና ሳጥኖቹ አርባና ሃምሳ ሲሆኑ መስመሮቹ ይጠላለፋሉ፤ በዛሬውና በአምናው እትም መካከል ምን እንደተለወጠ ለይቶ ማየትም ያስቸግራል።

ሦስተኛው ትውልድ ወደ ጽሑፍ ተመለሰ፤ ከስክሪፕት ይልቅ ግን ሥርዓት ባለው ቋንቋ። በ2012 ዮሃንስ ኮስተርና ስቬን ራማን ያስተዋወቁት ስኔክሜክ የሜክን ሐሳብ ከፓይተን ቋንቋ ጋር አጋባ። በ2013 ከባርሴሎና የጂኖም ቁጥጥር ማዕከል የወጣው፣ ፓኦሎ ዲ ቶማሶ የጀመረው ኔክስትፍሎው ደግሞ ዳታው እንደ ወንዝ ከሂደት ወደ ሂደት እንዲፈስ ያደርጋል። ሁለቱ የሚጠይቁት አነባበብ ይለያያል። የስኔክሜክን ፋይል የሚያነብ ሰው ከመጨረሻው ውጤት ተነሥቶ «ይህ ከምን ተወለደ?» እያለ ወደኋላ ይሄዳል። የኔክስትፍሎውን የሚያነብ ከጥሬው ዳታ ተነሥቶ «ይህ ወዴት ይሄዳል?» እያለ ወደፊት ይከተላል። ውጤት የያዘ ሰው ስኔክሜክ ይቀለዋል፤ ናሙና የያዘ ሰው ኔክስትፍሎው። አንዱን የለመደ ሌላውን ሲያነብ የሚደናገረውም ለዚህ ይመስለኛል።

በ2014 የተጠነሰሰውና በ2016 የመጀመሪያ ሙሉ እትሙ የወጣው ኮመን ወርክፍሎው ላንጉዌጅ፣ አንድ ጊዜ የተጻፈ ፍሰት በየትኛውም ሥርዓት ላይ እንዲሠራ የሚያስችል የጋራ መግለጫ ነው። የእያንዳንዱ መሣሪያ ገቢና ወጪ ዳታ አንድ ሳይቀር ይጻፋል። ይህ ለማሽን ምርጥ ነው፤ ለሰው ግን አድካሚ። አንድ አጭር ትእዛዝ ለመግለጽ ሠላሳ መስመር የሚጽፍ ሰው፣ ለምን ያንን ትእዛዝ እንደመረጠ ለመጻፍ ጉልበት አይተርፈውም።

ኮንቴይነር ያዳነውና ያላዳነው

በ2013 የወጣው ዶከር ሶፍትዌሩን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር ኮንቴይነር በሚባል በአንድ ዕቃ አሽጎ ማጓጓዝን አስለመደ። ዶከር ብዙ ሰው በሚጋራቸው የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተሮች ላይ የደኅንነት ሥጋት ስላለበት፣ ለነሱ የሚስማማው ሲንጉላሪቲ ተከተለ፤ ዛሬ አፕቴይነር ይባላል። ባዮኮንዳና ባዮኮንቴይነርስ የተባሉት የበጎ ፈቃደኞች ሥራዎች ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ የባዮሎጂ ሶፍትዌሮችን ከነቨርዥናቸው አዘጋጅተው አስቀመጡ።

ጥቅሙ በ2017 በወጣው የኔክስትፍሎው ጽሑፍ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። አጥኚዎቹ ሊሽማንያ ኢንፋንተም የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ጂኖም የሚያብራራ አንድ ፓይፕላይን ወሰዱ፤ ይህ ጥገኛ በሁመራና በመተማ ካላዛርን ለሚያመጣው ተሕዋስ የቅርብ ዘመድ ነው። ያው ፓይፕላይን፣ ያው ዳታ፣ በማክና በአማዞን ሊኑክስ ላይ ሲሠራ የተለያየ የጂን ብዛት አወጣ። በዶከር ታሽጎ ሲሠራ ልዩነቱ ጠፋ።

ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ልኩን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። የሞታው ትንተና በዶከር ታሽጎ ቢሆን ኖሮ ቀያሪውን ስክሪፕት በማርስም በጨረቃም ላይ በታማኝነት ይዘለው ነበር። ኮንቴይነር የሚጠብቀው የተደረገውን ነው፤ ሊደረግ የሚገባውን አያውቅም። ሃምሳ ጊዜ ተደግሞ ሃምሳ ጊዜ አንድ ዓይነት የወጣ ውጤት፣ ሃምሳ ጊዜ ስህተት ሊሆን ይችላል።

መደርደሪያው ሞልቷል፤ ማን ያነሳል?

ለሌላ ሰው እንዲጠቅም ተብሎ በግልጽ መቀመጥ ብቻውን ምን ያህል ይጠቅማል? በ2007 የተከፈተው ማይኤክስፔሪመንት ሳይንቲስቶች የሥራ ፍሰታቸውን የሚያጋሩበት ቦታ ነበር። በ2012 አጥኚዎች ከዚያ 92 የታቨርና ፍሰቶችን ወስደው ሲሞክሩ 80 በመቶ የሚጠጉት ወይ አልሠሩም ወይ ያንኑ ውጤት አልሰጡም። ዋናው ምክንያት የተመኩባቸው የውጭ አገልግሎቶች መዘጋታቸው ወይም መቀየራቸው ሲሆን፣ የምሳሌ ዳታ አለመኖርና የመግለጫ ማነስ ተከትለውታል። በ2022 በወጣ ጥናት፣ ሃርቫርድ ዳታቨርስ በተባለው የዳታ ማከማቻ የተቀመጡ ከ9,000 በላይ የአር ቋንቋ ፋይሎች ሲሞከሩም 74 በመቶዎቹ በስህተት ቆሙ፤ ኮዱ በራስ ሰር ከተጸዳ በኋላ እንኳ 56 በመቶዎቹ አልሠሩም። ማስቀመጥና ማካፈል የተለያዩ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የተነሡት አዳዲሶቹ መዝገቦች፣ ዶክስቶርና ወርክፍሎውሃብ፣ ፍሰቱን ከመግለጫው፣ ከደራሲዎቹ ስምና ከእትም ቁጥሩ ጋር ያስቀምጣሉ። አርኦ-ክሬት የተባለው አሠራር ደግሞ ኮዱን፣ ዳታውንና ማብራሪያውን በአንድ ጥቅል ያስራል። የ2016ቱ የፌር መርሆዎች፣ ማለትም ዳታ ሊገኝ፣ ሊደረስበት፣ ከሌላው ጋር ሊግባባና መልሶ ሊያገለግል ይገባል የሚሉት፣ ወደ ሥራ ፍሰቶችም ተሻግረዋል።

ከሁሉም ይበልጥ የተሳካለት በ2018 የተጀመረው፣ የኔክስትፍሎው ፓይፕላይኖችን በጋራ የሚያዘጋጀው ማኅበረሰብ፣ ኤንኤፍ-ኮር ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ከ100 በላይ ፓይፕላይኖች አሉት። የስኬቱ ምንጭ ቴክኖሎጂው ሳይሆን ደንቡ ነው። ለአንድ ዓይነት ትንተና አንድ ፓይፕላይን ብቻ ይፈቀዳል፤ የተሻለ ሐሳብ ያለው አዲስ ከመጀመር ይልቅ ያለውን እንዲያሻሽል ይገደዳል። ሁሉም ከአንድ ንድፍ ይነሣሉ፤ ሁሉም በትንሽ ዳታ በራሳቸው ይፈተናሉ፤ ለውጥ የሚገባው ሌላ ሰው ካየው በኋላ ነው። ስለዚህ አንዱን የለመደ ሌላውን ሲከፍት የት ምን እንዳለ ያውቃል። ፍሰቶቻቸውን እንደ ከተማ ባቡር መስመር ካርታ መሣላቸውም ቀላል ነገር አይደለም። የጣቢያዎቹ ቅደም ተከተልና የመስመሮቹ መገናኛ በአንድ እይታ ይታያል፤ ኮዱ ውስጥ ያሉት መቶ ፋይሎች ለጊዜው ከዓይን ዞር ይላሉ።

ጉድለትም አለው። ብዙ ሰው ሲጠቀምበት ብዙ ምርጫ ይጨመራል፤ አንዳንዱ ፓይፕላይን ከመቶ በላይ ቅንብር ይዞ ተጠቃሚውን ይጠብቀዋል። ያን ጊዜ ሰው ነባሪውን ቅንብር ሳይነካ ያስኬደዋል። መልሶ መጠቀም ተሳክቷል ማለት ነው፤ መረዳቱ ግን የለም።

መረዳት ምን ይጠይቃል?

በ2020 በ«ኔቸር» የወጣ አንድ የአንጎል ምስል ጥናት 70 የምርምር ቡድኖችን ያንኑ ዳታ አስተንትኗል። ከቡድኖቹ ሁለቱ እንኳ ፍጹም አንድ ዓይነት ፍሰት አልመረጡም፤ በአንዳንዶቹ መላ ምቶች ላይም ተቃራኒ መልስ ሰጡ። መስኩ ከጂኖም ቢለይም ትምህርቱ አንድ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ውሳኔ ነው፤ ውሳኔ ደግሞ ምክንያት አለው። ዛሬ የሚጋሩት ፍሰቶች ውሳኔውን ያሳያሉ፤ ምክንያቱን አብዛኛውን ጊዜ አይናገሩም።

የቤተ ክህነት ትምህርት ይህን ልዩነት ከጥንት ያውቀዋል። ንባብ ያወቀ ተማሪ ትርጓሜ አወቀ ማለት አይደለም፤ የአንድምታው መምህር ንባቡን ካስኬደ በኋላ አማራጭ ፍቺዎቹን «አንድም» እያለ ከነምክንያታቸው ይደረድራል። ኮንቴይነር፣ መዝገብና የእትም ቁጥር ንባቡን ጠብቀውልናል። የጎደለው ትርጓሜው ነው፦ ይህ የጥራት ወሰን ለምን 20 ሆነ? 30 ቢሆን ምን ይቀየራል? ይህ መሣሪያ ለጥንታዊ ዲኤንኤ ይሆናል ወይ?

ለዚህ የቀረቡ መልሶች አሉ። ኤዳም የተባለው የቃላት ሥርዓት እያንዳንዱን እርምጃ በተግባሩ፣ በዳታ ዓይነቱና በፋይል መልኩ ይሰይማል። ስለዚህ «ሳምቱልስ» የሚለውን ስም የማያውቅ አንባቢ «መደርደር» የሚለውን ተግባር ያያል፤ አንድ ፕሮግራምም የአንዱ ወጪ ከሌላው ገቢ ጋር አለመግጠሙን አስቀድሞ ሊያስጠነቅቅ ይችላል። የሞታውን ዓይነት ክፍተት የሚነካው ይህ ነው። የዓለም የድር ማኅበር በ2013 ያጸደቀው ፕሮቭ የተሰኘ ደረጃ ደግሞ የዳታን የትውልድ ሐረግ ይመዘግባል። ለመድኃኒት ፈቃድ የሚቀርቡ ትንተናዎችን ለመግለጽ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተሳተፈበት ባዮኮምፒዩት በ2020 የአይትሪፕልኢ ደረጃ ሆኗል፤ እሱ የፍሰቱን ዓላማና የስህተት ልክ እንዲጻፍ መጠየቁ ወደ ምክንያት ያቀርበዋል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ገብቶበታል። የቋንቋ ሞዴሎች የስኔክሜክን ፋይል ተቀብለው እያንዳንዱ ደንብ ምን እንደሚሠራ በጥሩ ዐረፍተ ነገር ይናገራሉ። ለተማሪ እውነተኛ እርዳታ ነው። ደራሲው ምክንያቱን ካልጻፈ ግን ሞዴሉ የሚሰጠው የተለመደውን ምክንያት ነው፤ ያ ደግሞ ከትክክለኛው ጋር ላይገጥም ይችላል።

በአፍሪካ፣ በኢትዮጵያም

የጂኖም ሳይንስን በአህጉሩ ለማስፋፋት የተቋቋመው የኤችስሪአፍሪካ የባዮኢንፎርማቲክስ መረብ፣ ኤችስሪኤባዮኔት፣ በ2016 ባለሙያዎቹን ፕሪቶሪያ ላይ ሰብስቦ አራት ፓይፕላይኖችን አሠርቷል። ሁለቱ በኮመን ወርክፍሎው ላንጉዌጅ፣ ሁለቱ በኔክስትፍሎው የተጻፉ ናቸው። ታስቦ የነበረው የአፍሪካ ተቋማት ኮምፒውተሮች የተለያየ ዓይነትና አቅም ያላቸው መሆናቸው ነው፤ ያው ፍሰት በአንድ ሰርቨርም፣ በክላስተርም፣ በክላውድም መሥራት ነበረበት። መብራት በሚጠፋበት ቦታ ኔክስትፍሎውና ስኔክሜክ ካቆሙበት መቀጠል መቻላቸው ከቅንጦት አይቆጠርም፤ የሦስት ቀን ስሌት ከዜሮ አይጀመርም።

የአፍሪካ የበሽታ መከላከልና መቆጣጠሪያ ማዕከል መቀመጫው አዲስ አበባ ነው፤ የተሕዋስያን ጂኖም መርሐ ግብሩን በ2020 ጀምሯል። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትም በጂኖም ሥራ ውስጥ አሉ። እንዲህ ባሉ ቦታዎች ዝግጁ ፍሰት ማግኘት አይቸግርም፤ በነፃ ይገኛል። የሚያሳስበው ፍሰቶቹ ብዙ ጊዜ የተስተካከሉት በሌላ አገር ናሙናና በሌላ ሕዝብ ማጣቀሻ መሆኑ ነው። ነባሪውን ቅንብር መጠየቅ የሚችል ባለሙያ ከሌለ የተዋሱት ፍሰት የሌላውን ግምት ይዞ ይመጣል። የሠለጠነው ልጅ ለዶክትሬት ውጭ ሲሄድም ኮዱ ይቀራል፤ ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ የሚያውቀው ሰው ግን አብሮ ይሄዳል።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የቤት ሥራ አዲስ ቋንቋ መፍጠርን አይጠይቅም፤ ቋንቋው በዝቷል። ማንኛውም የሚጋራ ፍሰት አራት ነገር ቢይዝ ብዙ ይለወጣል። አንደኛ፣ በተራ ላፕቶፕ በደቂቃዎች የሚያልቅ፣ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ትንሽ የሙከራ ዳታ። ሁለተኛ፣ በየመገጣጠሚያው የገባውንና የወጣውን የሚቆጥር መቆጣጠሪያ፤ በሞታው ትንተና ዳታው ከሌሎቹ ዳታ ጋር ከመዋሐዱ በፊትና በኋላ የነበሩት የጂኖም ቦታዎች ብዛት ጎን ለጎን ቢጻፍ ኖሮ መጉደላቸው ያፈጥ ነበር። ሦስተኛ፣ የእያንዳንዱን ቁልፍ ቅንብር ምክንያት፣ አማራጩንና የማይሠራበትን ሁኔታ የሚናገር አንድ ገጽ። አራተኛ፣ ፍሰቱን የሚጠብቅ በስም የታወቀ ባለ አደራ።

ሦስተኛውና አራተኛው ቴክኒክ ሳይሆኑ የክብርና የደመወዝ ጉዳዮች ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ዕድገት የሚሰጠው ለታተመ ጽሑፍ ነው፤ የሌላውን ፓይፕላይን ሦስት ዓመት ላቃናና ላብራራ ሰው የሚቆጥርለት የለም። ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶችና የመጽሔት አዘጋጆች ይህን ካልቀየሩ ማንም አይቀይረውም። አንዳንዶቹ ኮድ ማስገባትን ግዴታ እንዳደረጉ ሁሉ ምክንያቱን ማስገባትንም ሊጠይቁ ይችላሉ።

መለኪያውም ቢጠብቅ ይበጃል። እስከ ዛሬ የአንድ ፍሰት ፈተና «ሌላ ቦታ ሲሠራ ያው ውጤት ይወጣል?» የሚል ነው። ከዚህ የሚከብደው ፈተና አንድ የማያውቀው ባለሙያ ፍሰቱን አንብቦ አንዱን እርምጃ እንዲቀይር መጠየቅ፣ ከማስኬዱ በፊትም ውጤቱ ወደየት እንደሚሄድ እንዲገምት ማድረግ ነው። ግምቱ ከገጠመ ፍሰቱ ተነቧል። ካልገጠመም ወይ ሰውየው አልተረዳውም ወይ ፍሰቱ ውስጥ ስህተት አለ፤ ሁለቱም ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት መታወቅ ያለባቸው ነገሮች ናቸው።